እስከ አሥራ ሦስት

"ይኸው፣ ቀሪ የለውም።"

የትምህርት ቤቱ ጥበቃ የእንግዶች መዝገብ ጀርባ ላይ የሠራውን ማካፈል መምህርቷ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። መቶ ሚሊዮን አንድ ለአሥራ ሰባት ሲካፈል 5,882,353። ከታች ዜሮ፣ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

መምህርቷ የአርባ ጎልማሳ ተማሪዎቿን የማጠቃለያ ፈተና እያሸገች ነበር። ጥበቃው ከተማሪዎቹ አንዱ ነው፤ ያመጣው አርባ ዘጠኝ፣ ማለፊያው ሃምሳ። ካላለፈ የምስክር ወረቀት የለም። ያለ ምስክር ወረቀት ደግሞ ዛሬ ምዝገባው የሚያበቃው የመዝገብ ቤት ሥራ ያመልጠዋል፤ በዚያ በታመመ ጉልበቱ በር ላይ መቆሙ ይቀጥላል።

ጥያቄው "መቶ ሚሊዮን አንድ ብቸኛ ቁጥር ነው" ይላል፤ ማለትም ከአንድና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው የለም። የመልስ ወረቀቱ "እውነት" ሲል ጥበቃው "ሐሰት" ብሏል። ሠላሳ ዘጠኙ "እውነት" ብለው ነጥባቸውን ወስደዋል።

ስልኳን አውጥታ አባዛችው። ትክክል ነው።

ክፍሏ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ሕግ፣ አንድ ቁጥር እስከ አሥራ ሦስት ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች ካልተካፈለ ብቸኛ ነው ይላል። ሕጉ የሚሠራው ከ289 በታች ላለ ቁጥር ብቻ ነው። የለጠፈው የሒሳብ ትምህርት ክፍል ኃላፊ ግን ድንበሩን አልጻፈም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድም አስተማሪ "እስከ የት?" ብሎ አልጠየቀም። እሷም ዲግሪዋን ይዛ ከግድግዳ ላይ እያነበበች አስተማረች።

"ጋሼ፣ እርስዎስ ከአሥራ ሦስት ማለፍ እንዴት መጣልዎት?"

"አሥራ ሦስት ሰው ፈትሼ አሥራ አራተኛውን ዝም ብዬ አስገባለሁ እንዴ፣ ልጄ?"

ተማሪዎቹ "እስከ አሥራ ሦስት" የሚሉት ኃላፊ ተጠርቶ መጣ። ስሌቱን አየና መነጽሩን መጥረግ ጀመረ። ፈተናው ታርሞ አልቋል፣ የመልስ ወረቀቱም ለበላይ ተልኳል አለ። አሁን ቢነካካ ትምህርት ቤቱ በሙሉ መሳቂያ ይሆናል።

"በችሮታ አንድ ጨምሪለትና ይለፍ" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ጥበቃው ግን ሰምቷል። መዝገቡን ሰብስቦ ብብቱ ውስጥ ከተተ። "ችሮታ ከሆነ ይቅርብኝ፤ አካፍዬ ነው ያገኘሁት" ብሎ ወደ በሩ አነከሰ።

"ቆይ ጋሼ፣ መዝገቡን ይተዉልኝ።"

የውጤት ማስተካከያ ቅጹን ሳበች። አርባ ዘጠኙን ሰርዛ ሃምሳ ጻፈች። የሠላሳ ዘጠኙ ነጥብ እንደማይነካም ጨመረች፤ የመለሱት የተማሩትን ነውና። "ምክንያት" የሚለው መስመር ላይ ስትደርስ ኃላፊው አጎንብሶ አየ።

"ይኼ የግል ማህደርሽ ውስጥ ነው የሚገባው፤ ታውቂያለሽ አይደል?"

"የአስተማሪ ስህተት" ብላ ጻፈችና ሙሉ ስሟን ከሥሩ አሰፈረች።