የኩርፊያ ደብዳቤ

እትዬ ሰኪና ደብዳቤያቸው ላይ አልፈርምም አሉ።

ማስተርሴ የሥራ ደብዳቤና ሪፖርት አጻጻፍን ማስተማር ላይ ነው። ዛሬ አማካሪዬ ከኋላ ተቀምጣ ማስተማሬን ትመዝናለች፤ ከጣለችኝ ዘንድሮ አልመረቅም። ተማሪዎቼ የበርበሬ በረንዳ ነጋዴዎች፣ ትምህርቱ የቅሬታ ደብዳቤ ነው። እትዬ የጻፉት በርበሬ ለሚያመጣላቸው ለሙህዲን ነው።

«ምን ጎደለው እትዬ?»

«መጨረሻው ላይ ‹ከሰላምታ ጋር› በሉ ብለሻል። እኛ ተኮራርፈናል። ያንን እርጥብ በርበሬ ከላከልኝ ወዲህ ሰላም አልለውም።»

«የደብዳቤ ወግ ነው እኮ። ማንም ልብ አይለውም።»

«ሙህዲንን አታውቂውም ልጄ። ታረቀችኝ ብሎ ነገ ደግሞ እርጥቡን ይጭንብኛል።»

ክፍሉ ሳቀ። አማካሪዬን አየኋት፤ አፏን በእጇ ይዛ ትስቃለች።

ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን «ከሰላምታ ጋር» አጠፋሁት።