ባላንጣው የላካቸው ሽማግሌዎች

ገና ያልጻፍኩት ባላንጣ ሽማግሌ ላከብን።

ስብሰባ ላይ ነበርን። የቴሌቪዥን ጣቢያችን ቀጥሎ ምን ዓይነት የልዕለ ኃያል ጀግና ድራማ እንደሚሠራ ለመወሰን የድራማ ክፍሉ ኃላፊ ወይዘሮ ዝማም፣ ስፖንሰራችን የሆነው የፍራሽ ፋብሪካ የላካቸው አቶ ሰይፈሚካኤልና ደራሲው እኔ ተቀምጠናል። እስከ ረፋዱ ብዙ ሠርተናል። የሚበር ጀግና ቀርቷል፤ ለሚበር ሰው ፍራሽ ምን ያደርግለታል? የማይታይ ጀግናም ቀርቷል፤ አቶ ሰይፈሚካኤል ለማይታይ ሰው እንደማይከፍሉ በትህትና ገልጸዋል። የተስማማነው በአንድ ነገር ብቻ ነው። ጀግናው ማንም ይሁን ማን፣ በመጨረሻው ክፍል ባላንጣውን ይገድለዋል።

በዚህ ተስማምተን ሳንጨርስ በሩ ተንኳኳ።

ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው ገቡ። ከኋላቸው አንድ ረጅም ሰው ተከትሎ ጥግ ይዞ ቆመ። ጥቁር ካፖርት ለብሷል። ካፖርቱን አወቅሁት፤ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ስለ ባላንጣው ያሰብኩት ካፖርቱን ብቻ ነበር። ከአንገትጌው በላይ ለፊት የሚሆን ቆዳ አለ። ዓይን፣ አፍንጫና አፍ ግን ገና አልወጣለትም።

«ቤት ለእንግዳ፤ አረፍ በሉ» አሉ ወይዘሮ ዝማም።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ የሽማግሌዎቹ ታላቅ ጋሽ ወልደሰንበት። «ይህ ሰው ሊገደል ነው። ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ ማሩት።»

«አፍ የለውም እኮ። እንዴት ነገራችሁ?» አልኩ።

«ደጃፌ ላይ ቆሞ ሲያለቅስ አገኘሁት።»

«ዓይንም የለውም።»

«ትከሻው አለ አይደል ልጄ?»

ሽማግሌ ባዶ እጁን መመለስ ጣቢያችን ውስጥም ነውር ነው። ዕርቁ ተጀመረ።

«ይህ ሰው ማንን በደለ?» ብለው ጋሽ ወልደሰንበት ጠየቁኝ።

«አምስተኛው ክፍል ላይ ከተማ ያቃጥላል።»

«አቃጠለ?»

«ገና ነው።»

«ጀግናውስ ከእሱ ጋር ምን አጣላው?»

«ጀግና እንኳ እስካሁን የለንም።»

ሽማግሌዎቹ ጥግ ሄደው ተመካከሩና ተመለሱ። «በዳዩ ተገኝቷል» አሉ ጋሽ ወልደሰንበት። «የማይተዋወቁ ሰዎችን ለማጣላት ደሞዝ የምትበላው አንተ ነህ።» በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ትክክለኛ ሂስ ደርሶኝ አያውቅም።

ደንቡ የታወቀ ነው። በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ተበዳይ እግር ሥር ይወድቃል። ተበዳይ ይቅር ሲል ድንጋዩ ይወርዳል፤ እስከዚያ ማንም አይነካውም። የመኪና ጎማ የምናስደግፍበትን ድንጋይ ከግቢ አስመጡ። አንገቴ ላይ አድርጌ በሁለት እጄ ደግፌው ተንበረከክሁ። «ማረኝ» አልኩት። ከልቤ ነበር። ካፖርት ብቻ ሰጥቼው ነፍሱን ልወስድበት ማሰቤ አሳፈረኝ።

ባላንጣው ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

«በምን አፉ ይማርህ?» አሉ ወይዘሮ ዝማም። «ጻፍለት እንጂ።»

«በየትኛው እጄ?»

ሽማግሌዎቹ የእነሱ ድርሻ ማለቁን ተናገሩ። ተቀምጠው ሻይ ጠጡ፣ መረቁን፣ ሄዱ።

«ልንገርዎትና እርስዎ ይጻፉት፤ አፍ ብቻ ይበቃዋል» አልኳቸው ወይዘሮ ዝማምን። ደግ ሴት ናቸው፤ ወዲያው እስክሪብቶ አነሱ።

አቶ ሰይፈሚካኤል እጃቸውን ያዟቸው። ዙሪያዬን ዞረው ሲያዩኝ ቆይተው ነበር። «እስከ መቼ ይሸከማል?» ብለው ጠየቁ።

«ይቅር እስኪለው።»

«አፍ ካወጣ ይቅር ይላል። ይቅር ካለ ድራማው አለቀ» አሉ አቶ ሰይፈሚካኤል። «ልዕለ ኃያል ስንፈልግ አልነበረም እንዴ? ይኸው። ከጉልበቱ ሥር ፍራሽ ይነጠፍለት።»

ወይዘሮ ዝማም ወደ እኔ ሳያዩ የእስክሪብቶውን ክዳን ገጠሙ።

ድራማው እሑድ እሑድ ከዜና በኋላ ይተላለፋል። በጣም ተወዷል አሉ፤ ሁለተኛው ምዕራፍም ተፈቅዷል። ፍራሹ ለጉልበት ይመቻል፤ ይህን እንድናገር ውል አለብኝ። ባላንጣው ፊት ለፊቴ ሶፋ ላይ ተቀምጧል፤ ሶፋ የሌለበት ድራማ ሠርተን አናውቅም። ቀረጻው አልቆ ሰው ሲወጣ አንገቴ የፈቀደልኝን ያህል ቀና ብዬ አየዋለሁ። አፍ መሆን ያለበት ቦታ ላይ ቆዳው ከውስጥ ይገፋል። ትናንት የጥርስ ቅርጽ አየሁበት።