ዶን ኡባልዶ ሲሚንቶ እየጠበቀ ነው

ትናንት የመርከቡ ሰሌዳ ላይ «ማክሰኞ እንነሳለን» ይል ነበር። ዛሬ ጠዋት አንድ መርከበኛ በመዳፉ አበሰውና «ረቡዕ፣ ያለ ጥርጥር» ብሎ ጻፈ። ዴልሚራ ጥርሷን አፋጨች።

በፑካልፓ የወንዝ ወደብ መርከብ የሚነሳው ጭነቱ ሲሞላ እንጂ ቀኑ ሲደርስ አይደለም። መንገደኛው ቦታ እንዳይቀደም ቀደም ብሎ ይመጣና የመረብ አልጋውን ከጣሪያው ብረት ላይ አስሮ ይጋደማል። እዚያው ይበላል፣ እዚያው ያድራል። ይህን ትዕግሥት ይሉታል። ትዕግሥት አይደለም፤ የተለመደ ግፍ ነው። የተኛ ሰው ደግሞ ለባለመርከቡ ይመቸዋል።

ዴልሚራ መተኛት አልቻለችም። መንደሯ ወንዙን ቁልቁል ተጉዘው የሚደርሱበት፣ ስልክ የማይሠራበት ደን ውስጥ ነው። እሁድ ሕዝቡ ተሰብስቦ ለእንጨት ነጋዴዎች ሊፈርም ነው። ውሉን ለጠበቃ እንድታሳይ የላኳት እነሱው ናቸው። ለአምስት ዓመት የተባለው ውል ደኑን ለአርባ ዓመት አሳልፎ እንደሚሰጥ ጠበቃው ነግሯታል። ዛሬ ካልተነሱ እሁድ አትደርስም፤ ካልደረሰች ይፈርማሉ።

«ካፒቴን፣ መቼ ነው የምንነሳው?»

ዶን ኡባልዶ በቅጠል የተጠቀለለ ሩዙን እየጎረሰ፣ «ሲሚንቶው ሲመጣ ነዋ፣ የኔ እመቤት» አላት።

«ትናንትም ሲሚንቶ ነበር።»

«ትናንትማ የጠበቅነው ቢራ ነበር!» ብሎ ሳቀ። «ደኑ እንደሆነ የትም አይሄድ። ምን ያቅበጠብጥሻል?»

ደሟ ፈላ። ከካፒቴኑ ክፍል ወጥታ የአልጋዋን ገመድ መፍታት ጀመረች።

ዶሮ ነጋዴዋ ዶኛ ኤርሊንዳ ከጎኗ ቀና አሉ። «ምነው ልጄ፣ ቦታ ቀይረሽ ሽንት ቤቱ አጠገብ ልታስሪ ነው?»

«ጎረቤት ወዳለው መርከብ ልሄድ ነው።»

«የዚያስ ካፒቴን ውሸታም አይደለም እንዴ?»

«ነው እንጂ! ግን ሂሳብ የሚሰበሰበው ከተነሳን በኋላ አይደል? አንድ ሳንቲም አልከፈልንም። ታዲያ ማን አሰረን? ራሳችንን ያሰርነው እኛው ነን!»

ኤርሊንዳ ከት ብለው ሳቁ። «ዶሮዎቼ እንኳ እዚህ እንቁላል መጣል እምቢ ብለዋል። በይ ቅርጫቱን ያዢልኝ!»

ከዚያ ወዲያ ገመድ በገመድ ላይ ተፈታ። ግማሹ መንገደኛ መሸጋገሪያውን ጣውላ አልፎ እንደሄደ ዶን ኡባልዶ አፉን ሞልቶ ሮጦ መጣ።

«እናንተ ከሃዲዎች! ተመለሱ!»

«ሞተሩን አስነሳ፣ እንመለሳለን» አለችው ዴልሚራ።

«ሲሚንቶዬስ?»

«እሱን ለሚቀጥለው ረቡዕ ጻፈው!»

ሰው ሁሉ አውካካ። ካፒቴኑ አንዴ ወደ ጎረቤቱ መርከብ፣ አንዴ አልጋዎቹ ወደተፈቱበት ጣሪያ አየ። ተሳደበና ለሞተረኛው እጁን አወዛወዘ። ጭሱ ሲወጣ የሄዱት ሁሉ እየተጋፉ ተመለሱ።

መርከቡ ከዳር ሲላቀቅ ሌላው ለአልጋ ቦታ ይሻማል፤ ዴልሚራ ግን ወደ ፊት ሄደች። በጋው ወንዙን አጉድሎት አሸዋው እዚህም እዚያም ብቅ ብሏል። አንድ መርከበኛ በረጅም ዘንግ ጥልቀቱን ይለካል።

«እሁድ ጠዋት እንደርሳለን?»

«አሸዋ ካልያዘን።»

«ሌላ ዘንግ አለህ?» አለችው፣ እጅጌዋን እየሰበሰበች።