ማንም ያልተሳፈረበት ታክሲ

ይህችን ጌም ስሠራ አራት ወር ፈጀብኝ። ደክሞኛል። ዓይኔ ደክሟል፣ ወገቤ ደክሟል፣ «ምን ደረሰ?» ለሚለኝ ሁሉ መልስ መስጠትም ደክሞኛል። ዘንድሮ ተመራቂ ነኝ፤ ገርጂ ያለ አንድ ትንሽ የሞባይል አፕ ቢሮ ከክፍላችን አንድ ሰው ብቻ ሊቀጥር ነው፣ የሚመርጠውም ሠርተን ባቀረብነው ሥራ ነው። ያቺን ቦታ ምን ያህል እንደፈለግኋት እኔና አላህ ነን የምናውቀው።

ጌሟ ቀላል ናት። የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመሃል፤ ሳይመሽ ተሳፍረህ ቤትህ መግባት አለብህ። መሀል ላይ ሽማግሌ ወይም ልጅ ያዘለች እናት ይመጣሉ። «ይለፉ» የሚለውን ከነካህ ምርቃት ታገኛለህ፣ ግን በአንድ ሰው ወደ ኋላ ትላለህ። ዝም ካልክ ተራህ ይደርሳል።

መምህራችን ሳታስሞክሩ እንዳታቀርቡ ስላለን ቦሌ አራብሳ ያለውን ብሎካችንን በሙሉ አስሞከርኩ። እናቴ ኑራ «ይለፉ፣ ይለፉ» እንዳለች መሸባት። አባቴ ሱሌማን የታክሲ ሹፌር ነው፤ መንገድ ላይ ለማንም የማይለቀው ሰውዬ ስልኩን ዓይኑ ድረስ አስጠግቶ አንዲት አሮጊት እንኳ ሳይቀድም መሸበት። የታችኛው ፎቅ እትዬ ፀሐይነሽም እንዲሁ። «እንዴት ነው?» ስል ሁሉም «ደስ ይላል» ይሉኛል። ተሸንፈው ደስ ይላል! እኔም ድካሙ አደንዝዞኝ ነው መሰለኝ «ሃያ ሰው ሞክሮታል፣ አንድም ችግር አልተገኘም» ብዬ ማመልከቻዬ ላይ ጻፍኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ማክሰኞ ጠዋት የቢሮው ባለቤት አቶ አረጋዊ ስልኬን ተቀበሉኝ። ጌሟ ውስጥ ባለ ከዘራው ሽማግሌ መጡ፤ አቶ አረጋዊ ምንም አልነኩም። ልጅ ያዘለችው መጣች፤ አሁንም ምንም። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ተሳፈሩ። ታክሲው ሲነሳ ስክሪኑ ጠቆረ።

እንደገና ከፈትኩላቸው። እንደገና ተሳፈሩ፣ እንደገና ጠቆረ። ከወር በፊት የመንገዱን ሥዕል ስቀይር ያበላሸሁት ነገር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እኔም ተሳፍሬ አላየሁም።

«ሃያ ሰው ሞክሮታል ብለሽ አልጻፍሽም፣ ራሕማ?»

«ሞክረውታል።»

«ታዲያ አንድ ሰው እንኳ አልተሳፈረም?»

«ሁሉም ያሳልፋሉ» አልኩ።

ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም። «አይዞሽ» ብለው ስልኬን መለሱልኝ። ከሰዓት በኋላ የክፍሌ ልጅ ሊባኖስ መመረጡን ቴሌግራም ላይ አየሁ።

ቤት ስገባ እናቴ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«አልተቀበሉኝም፣ እማ።»

«ምን ጎድሎሽ?»

«ሰውየው ሲሳፈሩ ጌሙ ቆመ።»

«ተሳፈሩ? ሽማግሌውንስ?»

«አላሳለፏቸውም።»

«ያቺን ልጅ ያዘለችውንስ?»

«እሷንም።»

«ወላሂ እንኳንም አልቀጠሩሽ!» አለች። «እንዲህ ያለ ሰው ጋ ልትሠሪ ኖሯል?»

ከልቧ ነው፤ ከክፉ ነገር የተረፍኩ መስሏት ፊቷ በራ። እኔ ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። መቀጠር ነበር የምፈልገው።