ቀስ ብላ የምትወዛወዝ ጀልባ

ስለ ጀልባ መወዛወዝ የተማርኩት ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሳይሆን ከስልኬ ነው፤ ይህንንም በኩራት ነበር የማወራው።

ኪኩቦ ገበያ ሱቅ ያላቸው ጋሼ ሸምሰዲን ወደ ሐይቁ ደሴቶች ዕቃና ሰው የምታመላልስ ጀልባ አለቻቸው። ቶሎ ቶሎ እየተወዛወዘች ተሳፋሪውን እያስታወከች ስላስቸገረቻቸው ጠሩኝ። እኔም የተጫነውን የስኳር ጆንያ ከታች አስወጥቼ ከላይ አስደረደርኩ። ጎኗን ገፋ አድርገን ውዝዋዜዋን በሰዓት ስለካው፣ አጋድላ ቀና የምትልበት ጊዜ እጥፍ ሆኗል።

«አያችሁ? አልጋ ሆነች!» አልኩ።

ሁሉም «ሙዜ»፣ አባባ እንደማለት፣ የሚላቸው ሽበታም ነጂዋ ግን «ልጄ፣ የዘገየችው ቀና ማለት እያቃታት ነው። ሰው አላሳፍርም» አሉ።

«ሙዜ፣ መሸበት እኮ ትምህርት አይደለም!» አልኳቸው። ጆንያውን የደረደሩት ወዛደሮች ሳቁ።

ሽማግሌው፣ ጀልባዋ ዳር ላይ እንደታሰረች አራት ወዛደሮች ገብተው በአንድ ጎኗ እንዲቆሙ አዘዙ። በዝግታ አጋደለች፤ ቀና አላለችም። ወዛደሮቹ ከነጆንያው ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ወደቁ።

አጠገቤ ልጅ ያዘሉ እናቶች ለመሳፈር ተራ ይዘው ነበር። አንዷ ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ አቀፈችና አየችኝ።

ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት ሙዜ ቀደሙኝ። «ሰዓቱን በትክክል ለክተሻል፤ ትርጉሙ ነው የጠፋሽ» አሉኝ ለዘብ ብለው።

ምነው በሰደቡኝ! ለስድብ መልስ አላጣም ነበር።