ባለወርቅ ጠርዙ ብርጭቆ

«ወላሂ! ከምነግርሽ ውስጥ አንዲት ውሸት ብትገኝ የታካ ተራራ ተነቅሎ እዚሁ አናቴ ላይ ይረፍ!»

ይህን የማልኩት በለቅሶው የመጀመሪያ ቀን ለድንኳን ሸራ ነው። ከሸራው ወዲያ፣ በሴቶቹ በኩል፣ የሟቹ ልጅ ረውዳ ቆማለች፤ ድምጿ እንጂ ፊቷ አይታየኝም። ከሸራው ወዲህ እኔ ኦሼክ፣ የእርዳታ ድርጅቱ የመኪና ሰባት ሾፌር፣ ከቀይ ባሕር እስከ ቻድ ድንበር መሪ በመጨበጥ አቻ ያልተወለደልኝ፣ ምንጣፍ ላይ ተቀምጫለሁ። ለአንባቢም መሐላዬ ያው ነው፤ ተራራውም ያው፣ ካሰላ ከተማ አናት ላይ የቆመው።

አባቷ ታጀዲን ሃያ ሁለት ዓመት ዳርፉር ውስጥ ለተፈናቃዮች የውሃ ጉድጓድ ሲያስቆፍር ኖሮ ወባ ገደለው። እዚያው ዛሊንጌ ቀበርነው። ወደ ካሰላ፣ ወደ ቤቱ፣ የተመለሰው ሻንጣው ብቻ ነው። ሻንጣውን ያመጣነው እኔና የሬዲዮ ሠራተኛው ሐጅ በሽራ ነን። በሽራ ዕድሜውን ሙሉ የሌላ ሰው ድምፅ ሲያዳምጥ የራሱን የረሳ ሰው ነው፤ ቢጠሩት እንኳ መጀመሪያ ዞር ብሎ ማን እንደተጠራ ያያል።

«አጎቴ ኦሼክ» አለ ሸራው፣ በነፋስ ቀስ ብሎ እየተነፈሰ። «ሻንጣው ውስጥ የአውቶብስ ትኬት አገኘሁ። ለሰርጌ አምስት ቀን ሲቀረው የተቆረጠ ነው። ግን ማንም አልቀደደውም። አባቴ ወደ እኔ ተነሥቶ ነበር ወይስ አልተነሣም?»

ሰርጓን ለእሱ ስትል ሁለት ጊዜ አዘግይታ ነበር። በሦስተኛው በስልክ «ብትመጣም ባትመጣም ለምደነዋል» አለችው። አልመጣም። ከዚያ በኋላ ሳይነጋገሩ፣ ሁለት ወር ሳይሞላ ሞተ።

እንዲህ ለምትጠይቅ ልጅ ምን ይመለሳል? እኔ እንደሆንኩ «አላውቅም» የሚለውን ቃል እናቴም አላስተማረችኝም።

«ተነሥቶ ነበር እንጂ! አውቶብሱ ጎርፍ ፈርቶ ቀረ። አባትሽ እኔን ጠራኝ፤ 'ኦሼክ፣ ልጄን ልድር ነው፤ በዚህ ውሃ ላይ ከአንተ በቀር ማን ያደርሰኛል?' አለኝ።»

ከዚያማ ሄድን። መንገዱ ጠፋ፤ ሰማይና ውሃ አንድ ሆኑ። መኪና ሰባት ጎማዋን እንደ ዳክዬ እግር እየቀዘፈች ተንሳፈፈች። ዓሦች መስኮቱን አንኳኩተው ሰላም አሉን፤ አንድ አዞም ከኋላ ተከተለን። የግራር ጫፎች ከሥራችን እያለፉ፣ ጎጆዋ ላይ የተቀመጠች ወፍ በመስታወቴ ታየችኝ። ታጀዲን ጣሪያው ላይ ተቀምጦ ጠጠር እየጣለ ጥልቀቱን ይቆጥራል።

የጠጠሩ ነገር እንኳ በማንም ፊት እውነት ነው። አዲስ ጉድጓድ ሲያልቅ አፉ ላይ ይንበረከክና አንዲት ጠጠር ይለቃል። ዓይኑን ይጨፍናል። ጠጠሯ ስትወርድ፣ ሩቅ አገር ያለ ደጁ ሲንኳኳ የሚያዳምጥ ሰው ይመስላል። ከዚያ ዓይኑን ገልጦ «ሠላሳ አንድ ሜትር» ይላል። ተሳስቶ አያውቅም። ሰዉ ሁሉ ከጠጣ በኋላ፣ መጨረሻ ላይ፣ እሱ በእጁ ጨልፎ ይጠጣል።

ከሸራው ወዲያ ረውዳ አፍንጫዋን ጠረግ ስታደርግ ሰማሁ። ጥሩ ሠራሁ ብዬ አንድ ሳህን የአሲዳ ገንፎ ብቻዬን ጨረስኩ።

በሁለተኛው ቀን ወሬው ቤቱን ሞልቶት ነበር። ጎረቤቱ ጀዕፈር ፀጉር አስተካካዩ ጎኔ ተቀምጦ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ።

«ኦሼክ፣ ትናንት አዞው አንድ ነበር አሉ። ዛሬ ጠዋት እንዴት ሰባት ሆነ?»

«ወለደቻ! ሌሊቱን ምን ልታደርግ ኖሯል?»

«አባትየውስ አንተ ትሆን?»

ረድፉ ሁሉ አፉን በጥምጣሙ ጫፍ ሸፍኖ በሳቅ ተንቀጠቀጠ። ወዲያው አዲስ ለቀስተኛ ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ መዳፉን ሲዘረጋ እኛም ዘረጋን፤ የፋቲሃን ዱዓ ደግመን ፊታችንን አበስን። አንዱ ሽማግሌ ግን ሲያብስም ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

የሟቹ ሚስት ሐጃ ኒዕማ ሻይ አስላከችልን። እኔና በሽራ ከሩቅ ስለመጣን የእኛ ጠርዙ ወርቅ በተቀባ ብርጭቆ ነው የመጣው።

«ይኼማ የሱልጣን ነው!» አልኩ።

«የእንግዳ ነው፤ ጠጡበት» አለች ከሸራው ወዲያ። «ሟችም በመጣ ጊዜ በእሱ ነበር የማቀርብለት፤ እንዲከብር ብዬ። እኛማ ያቺው የሰረጎደች ቆርቆሮ ኩባያ አለችን፤ ሁላችንም ከእሷ ነው።»

በሽራ ብርጭቆውን አየው። ሳይጠጣ መሬት ላይ አስቀመጠው። ሻዩ ቀዝቅዞ ዝንብ ገባበት።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ምንጣፎቹ ተጠቀለሉ። ሸራው ሲወርድ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ድምፅ ብቻ የነበረችው ረውዳ ፊት አወጣች፤ የታጀዲን ዓይን፣ የታጀዲን ቅንድብ፤ ደነገጥኩ። እንደ ወጉ ለሟቹ ነፍስ የሚሆን ትልቅ የሸክላ ጋን ውሃ ሞልተው ደጃፉ ላይ ተከሉ፤ መንገደኛ እየጠጣ ዱዓ እንዲያደርግለት። ሐጃ ኒዕማ ክዳኑ ላይ ባለወርቅ ጠርዙን ብርጭቆ አስቀመጠች።

«አጎቴ፣ አሁን ሰው ፊት ድገመው» አለች ረውዳ። «የባሌ ዘመዶች እዚህ ናቸው። 'አባቷ እንኳ ያልቆመላት' ይሉኛል። ይስሙ።»

ደገምኩት። ወንዙን አሰፋሁት። አዞዎቹ ሠላሳ ደረሱ። ታጀዲን የሰርግ ስጦታዋን በጥርሱ ነክሶ ዋኘ። ጎርፉ አንስቶ ወደ ኋላ ባይጥለን ኖሮ በሰርጉ ዋዜማ እንደርስ ነበር። አማቶቿ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ አንዲት አሮጊትም አለቀሰች።

«ኦሼክ» አለ በሽራ።

ድምፁ ዝቅተኛ ስለነበር ሰው ሁሉ ወደ እሱ ጠጋ አለ።

«የወጣ መኪና ሁሉ በሬዲዮ ይጠራኛል። መኪና ሰባት ያን ሳምንት አልጠራችኝም። አራቱም ጎማዋ ወልቆ ድንጋይ ላይ ነበረች። አንተም ከሥሯ፣ ጥላው ላይ ተኝተህ ነበር።»

«ጎርፉስ?» አለ ጀዕፈር።

«ያን ወር አንድ ጠብታ አልዘነበም።»

የታካን ተራራ ቀና ብዬ አየሁት። ባለበት አለ።

ረውዳ «አልተነሣም ማለት ነው» አለች።

«ተነሥቷል ልጄ» አለ በሽራ። «መናኸሪያ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ለአንቺ የሰንደል ሽቶ ይዟል። አውቶብሱ ሞተሩን ሲያስነሣ ወረደ። 'ምን ሆንክ?' አልኩት። 'በሽራ፣ ቤቴ ስገባ ሻይ የሚመጣልኝ በምን እንደሆነ ታውቃለህ? በእንግዳ ብርጭቆ። እነሱ የሚጠጡባት ኩባያ አለች። ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀን አልሰጡኝም፤ እኔም ስጡኝ ለማለት አፈርኩ። በልጄ ሰርግ ከእንግዶቹ መሀል ልቀመጥ?' አለኝ። ሽቶውን ለመናኸሪያው ጥበቃ ሚስት ሰጣት። እኔም ተመለስና ግባ ልለው ሲገባኝ… ማዳመጥ ነው የለመድኩት። አዳመጥኩት።»

ሐጃ ኒዕማ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች።

ረውዳ ማንንም ሳታይ ወደ ቤት ገባች። ስትመለስ የሰረጎደችውን ኩባያ ይዛለች። ብርጭቆውን ከጋኑ ክዳን ላይ አንስታ ለእኔ ሰጠችኝ። ከዚያ ተንበረከከች፤ ኩባያዋን በሲባጎ ጋኑ አንገት ላይ አሰረች፤ እንዳትፈታ ሁለቴ ሳብ አድርጋ አየቻት።