ከባዷ ትርንጎ

ሐዘን የገባበትን ቤት ገመና ማውራት ነውር መሆኑ አይጠፋንምና አስቀድመን ይቅርታ እንጠይቃለን። ነገሩ ግን የሳይንስ ነው፤ ሳይንስ ደግሞ ነውር አያውቅም ይባላል።

ወይዘሮ ትርንጎ በተቀበረች በሦስተኛው ቀን፣ ከእሷ የምትከብደው ሌላዋ ትርንጎ መጣች።

ባሏ ዶክተር ደምመላሽ በሩን ሲከፍት አልደነገጠም። ዕድሜውን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የፈጀው እንዲህ ያለውን ሲጠብቅ ነው። ስታንዳርድ ሞዴል የሚባለው የፊዚክስ ቲዎሪ እስከ ዛሬ የታወቁትን ጥቃቅን ቅንጣቶች በሙሉ ይዟል። ደምመላሽ ደግሞ፣ "እያንዳንዱ ቅንጣት ገና ያልተገኘ፣ ከእሱ የሚከብድ አቻ አለው" ሲል ኖሮ ሸበተ። ምንም አልተገኘም። ትርንጎ እራት እያቀረበች፣ "ዛሬስ ተገኘ?" ትለው ነበር።

"ትርንጎ ነሽ?" አላት።

"አቻዋ ነኝ። እሷ ቀላሏ ነበረች። ምነው ደሜ፣ አታስገባኝም እንዴ?"

ስትገባ የበረንዳው ሸክላ ተሰነጠቀ። ወንበር ስለማይችላት ከለቀስተኞቹ ጋር ፍራሽ ላይ ተቀመጠች። እነሱም፣ "ቁርጥ ሟቿን። እህት እንዳላት እንኳ አናውቅም" እየተባባሉ ቦታ ለቀቁላት። ደረቷን እየደቃች ከሁሉም አብልጣ አለቀሰች።

ለቀስተኛው ሳሳ ሲል ደምመላሽ ሊመዝናት እንደሚፈልግ ነገራት።

"አንዴ ብትመዝነኝ እችለዋለሁ" አለችው። "ከደገምከኝ ግን እፈርሳለሁ። ዝም ብለህ ካኖርከኝ እኖራለሁ።"

የደምመላሽ ትምህርት ክፍል በሐሳብ ብቻ የሚሠራ ስለሆነ ከጠመኔ ሌላ መሣሪያ የለውም። ስለዚህ ወደ ሰፈሩ ወፍጮ ቤት ወስዶ እህል በሚመዘንበት ባስኩላ ላይ አቆማት። መርፌው ዞሮ ዞሮ መጨረሻው ላይ ቆመ። ደምመላሽ ለባልደረባው ለዶክተር ስንሻው ደወለ።

"አንድ ልኬት አጋጣሚ ነው" አለ ስንሻው እንደመጣ። "እኔ እያየሁ ድገመው።"

"ከደገምኩት ትፈርሳለች።"

"ካልደገምከውማ አልተገኘችም። ዕድሜ ልክህን ያልከው ወሬ ሆኖ ይቅር?"

ደምመላሽ ትርንጎን አያት። እሷ ነጠላዋን እያስተካከለች ነበር፣ ሟቿ ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ ስትነሳ ታደርገው እንደነበረው።

"እስቲ ባስኩላው ላይ ውጪ" አላት ቀስ ብሎ።

ወጣች። ቲዎሪው ስለ ከባድ ቅንጣቶች እንደሚለውም ቀለል ቀለል ወዳሉ ነገሮች ፈረሰች፦ አንድ ደረቅ ሳል፣ የጸጉር ቅባት ሽታ፣ የነጠላ ጫማ ኮቴ፣ "ዛሬስ ተገኘ?" የሚል ድምፅ። ደምመላሽ እጁን ዘረጋ። ኮቴው በአጠገቡ አልፎ በወፍጮ ቤቱ በር ወጣ።

"ተገኘ" አለ፣ ወደ በሩ።

ስንሻው "እንኳን ደስ ያለህ" ይበል "እግዜር ያጥናህ" ግራ ገባውና ሁለቱንም አለ።

ባስኩላው ላይ የሚታይ ሰው የለም፤ መርፌው ግን ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። ባለወፍጮው ተበላሽቷል ብሎ ጥግ አስጠግቶታል። ዶክተር ደምመላሽ ከሥራ ሲመለስ ጎራ ብሎ አጠገቡ ይቆማል። "ተገኘ" ባለ ቁጥር መርፌው እንደሚተነፍስ ሰው ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ ይላል።

ይህን ለማንም እንዳታወሩ አደራ። ባለወፍጮው ሰው እንደቆመበት ከሰማ ያስወርዳታል።